ማንበብ ትችያለሽ?

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስወጣ ይንቋቋብኛል ያልሽው ቀለል አለ ወይስ እንደ ልማድሽ ለእኛ ደህና ነኝ እያልሽ ለራስሽ እያነከስሽ ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እህል ይበላል? አሁንም ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። የዓይኔን ነገር ታውቂዋለሽ፣ እየደጋገምኩ አላደክምሽም። ጨጓራዬ ተሽሎታል፣ ጥርሴ ደህና ነው፣ እግሬም ከበርና ከግድግዳ ጋር መጣላቱን እየተወ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስታነቢ «ማን ጻፈላት?» ብለሽ እንዳታስቢ። በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈችልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። እኔ የምላትን ትታ የራሷን ትጨምርበት ስለነበር ነው ያን ሁሉ ስለ ገበር ጨርቅና ስለ ዚፕ ያወራሁልሽ። የማላውቃቸውን ሰዎችም ሰላም ሳልል አልቀርም። ይቅር በይኝ።

«ግቢ ወደ ቤትሽ። ከጎኔ ትቀመጫለሽ፣ የምትበይው አታጪም» ብለሽ የላክሽልኝን ሰምቻለሁ። ከልብሽ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን መልሱን ከመስጠቴ በፊት እዚህ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

መቼም የምሠራው አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ፣ ስልክ ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰው ይደውላል፤ ሻንጣዬ ጠፋ ይላል፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ ይላል፣ ሾፌሩ ሰደበኝ ይላል። እኔ እየሰማሁ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። ዓይኔ ጨርሶ ሲከዳኝ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «እኛ ሰው አንጥልም» አለኝ። «ለዓይነ ስውራን የሚሆን፣ የተጻፈውን የሚያነብ ፕሮግራም አለ አሉ። ይጫንልሻል። ክረምት እስኪገባ ድረስ ከለመድሽው ትቀጥያለሽ፤ ካልለመድሽው ግን መሥሪያ ቤት ነን እንጂ መጠለያ አይደለንም።» ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ብትሰሚው! ሰው ሲያባርርም በዚሁ ድምፁ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው መጣ፣ ጫነው፣ ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ደፋልኝ። «ማውዙን እርሺው፣ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው። የቀረውን እየነካካሽ ትለምጂዋለሽ» ብሎኝ ተነሣ። «ሌላ ቀን ትመጣለህ?» ስለው መልሱን የሰማሁት ከደረጃው ላይ ነው። መምህሬ እሱ ነበር፣ ትምህርቱም ይኸው ነበር።

ፕሮግራሟ ሴት ናት። በአፍንጫዋ ታወራለች፣ አትቆጣም፣ አትስቅም። ጠበቅ ላላ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «ዋናው በር» የሚለውን ስታነብልኝ መሥሪያ ቤታችን የመዋኛ በር ያለው ይመስላል። «ተሳፋሪው አለ» ስትለኝ ሰውየው ተናገረ ማለቷ ይሁን እዚያው ተገትሯል ማለቷ ግራ ይገባኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ይህንንም አላገኘሁ። ቀስት ያለበትን ቁልፍ ወደ ታች ስጫን «ባዶ» ትለኛለች። ወደ ላይ ስጫን «ባዶ»። ታብ የሚሉትን ቁልፍ ብጫን አንድ የማላውቀው ቦታ ወስዳ ትጥለኝና እዚያም «ባዶ» ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ ባዶ ስባል ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እንጀራ እናት ስትረግመኝ የዋለች ያህል ሰውነቴ ይዝላል።

ከጎኔ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ሰውን ሁሉ «ወለላዬ» ስለሚል እኛም ወለላው እንለዋለን። ከአፉ ሚንት ከረሜላ አይጠፋም። «አይዞሽ ወለላዬ፣ ዓይንሽ እኔ እሆናለሁ» አለኝና ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እታለም፣ ሆዴ ባብቶ እንባዬ መጣ። ጽፌ ስጨርስ ሁለት ነገር እንድጫን አስተማረኝ፤ ጣቶቼን ይዞ፣ ቁልፎቹ ላይ እያሳረፈ። የመጀመሪያውን ስጫን ፕሮግራሟ «ተመርጧል» ትለኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። የተመረጠ ነገር ለክፉ አይሰጥም ብዬ። ከዚያ ሁለተኛውን እጫንና እዘጋዋለሁ፣ ተቀመጠልኝ ብዬ። ለካ የመጀመሪያው የጻፍኩትን ሁሉ የሚመርጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተመረጠውን የሚያጠፋ ነው! ጠዋቱን ሙሉ አንድ በአንድ ለቅሜ የጻፍኩትን በገዛ እጄ ድምጥማጡን እያጠፋሁ፣ ቀና ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» እለው ነበር።

ሻንጣቸው የጠፋባቸው ሰዎች መልሰው እየደወሉ ጮሁብኝ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ከበላዬ ቆመና፣ «ጣትሽም ታመመ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የሚስቁት በቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ እኔም ራሴን እንደ ደደብ ቆጥሬ ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ እትዬ ሻይ ናት። ሻይ ስለምታፈላልን ሁሉም እትዬ ሻይ ይላታል። በትልቅነቷ ነው ፊደል የቆጠረችው። ማንበብ ከቻለች ገና ጥቂት ጊዜዋ ስለሆነ ነገሩ አልበረደላትም። ትሪውን ተሸክማ ስትገባ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። «ማ ... ጨስ፣ ክል ... ክል ነው!» ትልና፣ ራሷ የከለከለች ይመስል ትኮራለች። አንድ ቀን ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ አጠገቤ ቆየች። «ልጄ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም» አለችኝ፤ «ግን ጆሮሽን በዚያ ነገር ስትደፍኚ ከኋላሽ እየቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው እንዳንቺ ይዳብሳሉ። ያ ምላሰ ማር ደግሞ የጻፍሽው በጠፋ ቁጥር አውራ ጣቱን ያሳያቸዋል።» አንዳንዴ ማጅራቴ ላይ ነፋስ ሽው ይለኝ ነበር፣ እታለም። መስኮቱ ክፍት ነው እል ነበር። እጃቸው ኖሯል።

አላለቀስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አልጠየቅኩም። አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ምን እንዳለችኝ እሰማለሁ፣ በልቤ እይዛለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ስጠፋ ሁሉንም እዘጋና ከመነሻው እጀምራለሁ። ኤፍና ጄ የሚባሉት ቁልፎች ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ እንደ ቤቴ ደፍ አወቅኳት፤ ጣቴ የትም ሄዶ የትም እዚያ ይመለሳል። ፕሮግራሟ ጭራሽ የማትናገረው ነገር ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እትዬ ሻይን እጠብቃለሁ። ትሪዋን ታስቀምጥና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ትላለች። «ማስ ... ተካ ... ከያ» ትለኛለች። «ማስተካከያ! ጎሽ! ከሥሩ ምን ይላል?» እላታለሁ። ሻዩ ይቀዘቅዝና ስድቡን እሷ ትቀበላለች። «ስድብ አላነብም» ትልና ትስቃለች።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተከፈተልኝ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው መዝለል፣ የጠፋውን መመለስ፣ ቃልን ፊደል በፊደል ማስነበብ ቻልኩ። ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ማፍጠን! አሁን ስታነብልኝ ለሌላው ሰው ወፍ ስትንጫጫ ነው የምትመስለው፤ ለእኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይገባኛል። የመጀመሪያውን ሙሉ አቤቱታ ጽፌ፣ አስቀምጬ፣ ዘግቼ፣ መልሼ ከፍቼ እዚያው ሳገኘው እንዴት እንደሆንኩ ልነግርሽ አልችልም። የአንድ ሽማግሌ ሰውዬ ጃንጥላ ነው የጠፋው፣ ሌላ ነገር አይምሰልሽ። እኔ ግን ልጅ የወለድኩ ያህል ደጋግሜ አስነበብኳት።

ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ ክፋታቸው መልኩን የለወጠው። ለዓይኔ ሐኪም ቤት ሄጄ ከሥራ ቀርቼ ስመለስ ሄድፎኑን ገና ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሚንት ሸተተኝ። ኮምፒውተሩን ስከፍት በስሜ የመጣ መልእክት ነበር። ፕሮግራሟ በዚያች በማትቆጣ በማትስቅ ድምፅዋ፣ «ለወይዘሮ ሸክም» አለችኝ። ደገምኩት። «ለወይዘሮ ሸክም።» ፊደል በፊደል ሳስነብባት ስሜን ነው የምትቆጥረው፤ አባባ ያወጣልኝን ስም። በአንድነት ስታነበው ግን «ሸክም» ትላለች። ስሜ ያለበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ሆኗል። «ሸክም እንደምን አደርሽ።» «ይህን ጉዳይ ሸክም ትመልከተው።» ከኋላዬ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደሚጠብቁ ታወቀኝ። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያን ደስታ አልሰጣቸውም አልኩ።

ምሳ ሲወጡ ፍለጋዬን ጀመርኩ። የፕሮግራሟን ማስተካከያ አንዱን ከፍቼ ሌላው ውስጥ እየገባሁ፣ እየጠፋሁ፣ እየተመለስኩ፣ በመጨረሻ አገኘሁት። ለካ ይህ ቃል ሲመጣ እንዲህ ብለሽ አንብቢው ተብላ የምትታዘዝበት ቦታ አላት! ከላይ የእኔ ስም፣ ከጎኑ «ሸክም»። ሰረዝኩት። ከዚያ ወደ መልእክቱ ተመልሼ አስነበብኳት፤ ስሜን በስሜ ጠራችኝ። ደስ አለኝና ያንን ቦታ ዘግቼ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ቀስቱን ወደ ታች ብጫን ኖሮ! ሌላ ቃል ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። ክፋታቸው ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የፈተናዬ ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰበ፤ ሁለት እንግዶችም ይዞ መጣ። ደግነቱ እንዲታይለት ነው። ሄድፎኑ ተነቅሎ ድምፅዋ ለሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ተደረገ። የጠየቁኝን ሁሉ ሠራሁ፤ ከፈትኩ፣ ጻፍኩ፣ ፈለግኩ፣ አገኘሁ። አንዷ እንግዳ «ይገርማል!» ስትል ሰማኋት። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ያን ሰሞን የበተነውን መመሪያ አስነብቢልን አለኝ። ከፈትኩና ለቀቅኳት። እሷም «ከርሳሙ ያስተላለፉት መመሪያ» ብላ ጀመረች። «ሠራተኛው ሁሉ ለከርሳሙ ታዛዥ ሊሆን ይገባዋል። ከርሳሙ ሳይፈቅዱ ...» እኔ ቁልፉን ፈልጌ ዝም እስካሰኛት ድረስ «ሥራ አስኪያጁ» የሚለውን ሁሉ እንዲህ አነበበችው፣ አንድም አላስቀረችም።

አንዱ እንግዳ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሥራ አስኪያጁ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ፣ «ማነው?» አለ። ወለላው ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው ሲያገላብጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ ያዘነ በሚመስል ድምፅ፣ «በሰው መፍረድ ይከብዳል፤ ግን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ከእትዬ ሻይ ሌላ ጎንበስ ሲል ያየሁት ሰው የለም» አለ።

ብድግ አልኩ። «ውሸት ነው! እሱ ነው! ሐኪም ቤት ሄጄ ስመለስ ሄድፎኔ ሚንት ሚንት ይል ነበር!» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ዞረብኝ። «አይተሽዋል?» አለኝ።

እታለም፣ ይህን ቃል ሆን ብሎ እንደመረጠው አልጠራጠርም። «አላየሁም» አልኩ። አንዱ ከወደ ጥግ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«እሷ እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ታውቀዋለች? ሻይ ነው የምታፈላው!» አልኩ ደግሞ። ያኔ ወደ እሷ ዞረና፣ «ማንበብ ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። አልችልም እንድትል በልቤ ለመንኳት። አንዲት ቃል ብቻ። «አልችልም በይው፣ እለምንሻለሁ» እያልኩ። እሷ ግን በሕይወቷ ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ያውም ትልቅ ሰው፣ ያውም እንግዳ ባለበት። «አዎ ጌታዬ፣ እችላለሁ!» አለች። «እስኪ ይህን አንብቢ» አላት። መመሪያውን ወረቀቱ ላይ ሰጣት መሰለኝ፣ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ሥ ... ራ፣ አስ ... ኪያጁ፣ ያስ ... ተላ ... ለፉት» እያለች፣ ሁሉም ቆሞ እየሰማ፣ አንድ ፊደል ሳትስት እስከ ታች አነበበችው። ድምፅዋ እየሞቀ፣ እየፈጠነ ነበር የሄደው። ስትጨርስ የሚያጨበጭቡላት ይመስላት ነበር።

«በቃ። የያዝሽውን ዕቃ ለግምጃ ቤት አስረክቢ» አላት።

አልገባትም። «አነበብኩ እኮ!» አለች። በሩ እስኪዘጋባት ድረስ የምትለው ይህንኑ ነበር። «አነበብኩ እኮ፣ ጌታዬ!»

እኔ እንደቆምኩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ለእንግዶቹ እንዲሰማ፣ «አንቺ ፈተናሽን አልፈሻል። ተቀመጪ» አለኝ። ጉልበቴም ታዘዘው፤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ቃሉ የተቀየረበትን ቦታ ላሳየው፣ እዚያ ለመድረስ በስንት ነገር ውስጥ ማለፍ እንዳለበት፣ ፊደል አንድ በአንድ የምትለቅም ሴት ልታደርገው እንደማትችል ላስረዳው። አላስጨረሰኝም። «ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ። «እሱ ግን ሥራ ያውቃል፣ ደንበኛም ይወደዋል። ሻይ ማንም ያፈላል። የሆነ ሰው መሄድ ነበረበት፣ ሄደ። አንቺም አሁን ሂጂ፣ ስልክ እየጮኸ ነው።» ስመለስ ወለላው ጠበቀኝና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «አትቀየሚ ወለላዬ፣ ጨዋታ ነው። ሥራሽን ያዳንኩልሽ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስናበሽቅሽ አይደል የጎበዝሽው?» አለኝ። ሻይ አሁን በማሽን ሆኗል። ቁልፍ ይጫናሉ፣ የማይፈልጉት ይወጣላቸዋል፣ ማሽኑን በጥፊ ይማታሉ። ማን ያንብብላቸው?

እትዬ ሻይን ለሳምንታት አጣኋት። ሰፈሯን የሚያውቅ የለም፤ ያን ሁሉ ዘመን ሻይዋን ስንጠጣ የት እንደምታድር የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ባለፈው ሳምንት አውቶቡሶቹ በሚወጡበት በር በኩል ሳልፍ «ትኩስ ድንች!» የሚል ድምፅ ሰማሁና እግሬ ተተከለ። ተጠጋሁ። ስሟን ጠራሁ፤ የሻዩን ስም አይደለም፣ ዕቃ ስታስረክብ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የጠራትን እውነተኛ ስሟን። እንዳልሰማች «ትኩስ ድንች!» ማለቷን ቀጠለች። ወለላው «ያቺ ዕውር ናት ያስባረረችሽ» ብሏት ኖሯል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የተናገርኩትን፣ ቢሮው ድረስ መሄዴን፣ ያለኝን ሁሉ። ሰው ሲገዛት ትሸጣለች፣ እኔ እጠብቃለሁ፤ ሲሄድ እቀጥላለሁ። ስጨርስ አንድ ትኩስ ድንች በወረቀት ጠቅልላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አምንሻለሁ ልጄ» አለችኝ። «አንቺ እንዳላደረግሽው ያኔም ልቤ ያውቅ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ሄደሽ የምትቀመጪው እዚያው ወንበር ላይ አይደለም?»

ድንቹ መዳፌን እያቃጠለኝ ቆምኩ፣ ከዚያ ሄድኩ።

እንግዲህ እታለም፣ ያልሽኝን አልረሳሁም። አልመጣም። የተማርኩትን ማንም አልሰጠኝም፣ በጥርሴ ነክሼ ያመጣሁት ነው። ከጎንሽ ተቀምጬ ሰው እጄን ይዞ እንዲያጎርሰኝ ብዬ አልጥለውም። ጥሩ ሰው ሆኜ ነው የቀረሁት ብዬ ግን አልዋሽሽም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ሌሎቹ ምሳ ወጥተው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ፍረጂኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ፍርድሽን ስትልኪልኝ ሰው እንዳያነብልኝ፣ በኮምፒውተር አስጽፈሽ ላኪው። እኔው አነበዋለሁ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። «ዓይኗ ተሻላት» ብለሽ ነግረሽው ነበር፣ ከእንግዲህ እውነቱን ንገሪው፤ ሽማግሌ ነው ብለሽ አታታልይው። ባለቤትሽን ወንድም ጋሼን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፣ ወገቡን ይጠንቀቅ። ትልቋን ልጅሽን በርቺ በያት፤ ትንሿን ጥርሷን ስትነቅል አታልቅስ በያት፣ አዲሱ ይበልጣል። ያ ለፍላፊው የወንድማችን ልጅ አሁንም ሰው ሳያስጨርስ የሚያወራ ከሆነ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ከዚያ ሳሚልኝ። ከግድግዳ ወዲያ ያሉትን ጎረቤትሽን፣ «ዕውር ምን ሥራ ትሠራለች?» ብለው የጠየቁሽን፣ እሳቸውንም ሰላም በይልኝ።

እኔ ታናሽሽ፣ እህትሽ ነኝ።

ከስልክ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ ሐምሌ 9 ቀን